ሆርሞን ነው ወይስ ሌላ? ሙድሽን በደብተር እንዴት እንደምትለዪ

ጅማ መርካቶ ውስጥ ቅመምና ጥራጥሬ እሸጣለሁ። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛዬ በርበሬ ላይ "ትንሽ ቀንሺልኝ" ስላለችኝ ብቻ ሚዛኑን ገፍቼ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን የወር አበባዬ መጣ። "በቃ፣ ሆርሞን ነው" አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም በእሱ ማላከክ ለመድኩ። እህቴ ላይ ስጮህ ሆርሞን፣ እንቅልፍ ሳጣ ሆርሞን። ግማሹ ልክ ነበር፣ ግማሹ ግን አልነበረም። ያንን ለመለየት አንድ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም። አንቺ በሁለት ወር ትጨርሺዋለሽ።

መጀመሪያ ደብተር ግዢ። ቀጭኗ የተማሪ ደብተር ትበቃለች። የስልክ አፕም ሞክሬያለሁ፤ የሞከርኳቸው ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለነበሩ ቀኑን ሳምታታ ሰለቸኝ። በእኛ አቆጣጠር ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ወሩ ሁሉ 30 ነው። ዑደትሽ፣ ማለትም ከአንዱ የወር አበባ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ፣ 28 ቀን ከሆነና መስከረም 20 ካየሽ፣ የሚቀጥለው ጥቅምት 18 አካባቢ ነው፤ ሁለት መቀነስ ብቻ። ጳጉሜን እንዳትረሺ። እኔ አንዴ ዘልያት ቆጠራው ሁሉ ተዛብቶብኛል።

ቀን 1 የሚባለው ደም በደንብ የጀመረበት ቀን ነው። ጠብታው አይቆጠርም።

አሁን ከባዱ ጋ ደረስን። ማታ ማታ ከመተኛትሽ በፊት አራት ነገር ትጽፊያለሽ፦ ብስጭት፣ ሆድ መባስ፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ቁጥር ስጪ። 0 ምንም የለም፣ 3 ደግሞ ሥራ ወይም ሰው ያበላሸብሽ ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ወድቄበታለሁ።

የመጀመሪያውን ደብተሬን ብታዪው ትስቂያለሽ። የከፋኝን ቀን ብቻ ነው የጻፍኩት። ደህና ስሆንማ ደብተሩ ትዝም አይለኝ። ሐኪም ጋ ይዤው ስሄድ ሴትዮዋ ገለጥ ገለጥ አድርጋ "ደህና የሆንሽባቸው ቀኖች የታሉ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ደህናው ቀን ካልተጻፈ መጥፎውን ከምን ጋር ታወዳድሪዋለሽ? 0፣ 0፣ 0፣ 0 ብለሽም ቢሆን ጻፊ።

ሁለተኛው ስህተቴ ከዚህ ይብሳል። አንድ ሳምንት ሙሉ ዘነጋሁና እሁድ ማታ ከትዝታ ሞላሁት። የወር አበባዬ ስለደረሰ "መቼም ከፍቶኝ ነበር" ብዬ ሁሉንም 3 ሰጠሁት። ሰው የሚያስታውሰው ያመነውን ነው። ሐኪሞችም ከወር አበባ በፊት የሚመጣውን ከባዱን የሙድ መቃወስ በስሙ ከመጥራታቸው በፊት ቢያንስ የሁለት ዑደት የየዕለት መዝገብ የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ያመለጠሽ ቀን ባዶውን ይለፍ።

ከቁጥሩ ጎን ደግሞ የዕለቱን ነገር በአንድ ቃል ጻፊ፦ ጠብ፣ ለቅሶ፣ መብራት፣ ገበያ። እኔን ያነቃኝ ይህ ነው። ደብተሬ ላይ ሐሙስ ሐሙስ 3 ነው፣ የወር አበባ ኖረም አልኖረም። ሐሙስ የጅማ ትልቁ ገበያ ነው፤ ማታ ደግሞ በዱቤ የሚያስረክበኝ ጅምላ ነጋዴ ሂሳቡን ሊሰበስብ ይመጣል። ሐሙስ ሆርሞን የለውም።

የወሊድ መከላከያ መርፌ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውን ወይም እንክብል የምትጠቀሚ ከሆነ የጀመርሽበትን ቀን መዝግቢ። አንዳንድ ሴቶች ላይ ሙድ ይለውጣል፣ ብዙዎች ላይ ደግሞ ምንም አያደርግም። የሦስት ወሩ መርፌ የወር አበባን ጭራሽ ሊያስቀር ስለሚችል ያኔ በቀኑ ብቻ መሄድ ነው። ጎረቤት ስላለችሽ ብለሽ ግን አታቋርጪ፤ ሌላ መከላከያ ሳትይዢ ካቋረጥሽ ሌላ ጣጣ ነው።

ሁለት ዑደት ሲሞላ ተቀምጠሽ አንብቢው። ከቀን 6 እስከ 12 ያለውን የሚቀጥለው የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ካሉት ሰባት ቀናት ጋር አስተያዪ። የመጀመሪያው ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ፣ የኋላው ከፍ ካለ፣ ደም በመጣ በጥቂት ቀን ደግሞ ከወረደ፣ ነገሩ ከዑደቱ ጋር የተያያዘ ነው። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ የወር አበባ ሲቃረብ እሱም፣ ኢስትሮጅን የሚባለው ሌላው ሆርሞንም ይወርዳሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሆርሞኑ መጠን የሌላው ሴት ያህል ነው፤ የሚለየው አንጎል ለውጡን የሚቀበልበት መንገድ ነው። ስለዚህ ደም ተመርምረሽ "ኖርማል ነው" ቢሉሽ የተሰማሽ ውሸት ነው ማለት አይደለም።

ወሩን ሙሉ 2 እና 3 ከሆነስ? ያኔ የወር አበባ ብቻ አይደለም። ራሱን የቻለ ድብርት ወይም ጭንቀት ሊሆን ይችላል፤ ከወር አበባ በፊት ደግሞ ይብሳል። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲቀንስም ድካምና ድብርት ያመጣል፣ ደም ማነስም ያዝላል። ሁለቱም በደም ምርመራ ይታያሉ፣ ጠይቂ። ደም ማነስ ካለብሽ ቡናውን ከምግብ አርቂው፣ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል። ጅማ ተቀምጬ ቡና ተዪ አልልም፤ የማታዋን ግን እኔ ትቻለሁ፣ እንቅልፌም ተመልሷል።

ደብተሩን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አለው። "ሰው ምን ይለኛል" የሚለውን እኔም ብያለሁ፤ ወረፋው ላይ ያገኘሁት ግን የሰፈሬን ሰው ነው። ሕመሙ ከባድ ከሆነ እንደ ፍሎክሰቲን ያለ የድብርት መድኃኒት ይታዘዛል፤ አንዳንዷ ከወር አበባ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ብቻ ትወስደዋለች። ከፋርማሲ በራስሽ አትግዢ።

ደብተር የማይጠብቁ ነገሮችም አሉ። አራስ ከሆንሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስ የተለመደ ነው፤ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ወደ ጤና ጣቢያ። "ብሞት ይሻላል" የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ንገሪና አብራችሁ ሂዱ።

የኔ ደብተር ሁለቱንም አሳየኝ፤ የመጨረሻዎቹ አምስት ቀናት ከዑደቱ ነበሩ፣ ሐሙሶቹ ግን ከዕዳው። ነጋዴውን ሂሳቡን ወደ ቅዳሜ እንዲያዞርልኝ ለመንኩት። ትንሽ አጉረመረመና እሺ አለ። አሁን ሐሙስ 1 ነው።