የተማሪዎችን ተውኔት ስናርም የሚያጋጥሙ ችግሮች፣ መንስኤዎቻቸውና መፍትሄዎቻቸው

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ የፈጠራ ጽሑፍ ተማሪዎች የጻፉትን ተውኔት ስናርም በኅዳጉ ላይ የምናሰፍራቸው «ቃለ ተውኔቱ ደካማ ነው»፣ «መጨረሻው አያረካም» የሚሉ አስተያየቶች ምልክቱን ይጠራሉ እንጂ መንስኤውን አይነኩም። መንስኤው ያልተነገረው ተማሪም ሁለተኛውን ረቂቅ ሲያመጣ ያንኑ ጉድለት በተሻለ የእጅ ጽሑፍ ገልብጦ ያመጣል። ከዚህ በታች የቀረቡት በደሴና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ተማሪዎች ሥራ ላይ በተደጋጋሚ ያገኘኋቸው ችግሮች ሲሆኑ፣ ከመንስኤዎቹ ከፊሉ የሚገኘው ከተማሪው ሳይሆን ከእኛ ከአራሚዎቹ ዘንድ ነው።

ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ በአንድ አንደበት ይናገራሉ

ምልክቱን ለማረጋገጥ የተናጋሪዎቹን ስም በወረቀት ሸፍኖ አንድ ገጽ ማንበብ ይበቃል፤ አያትየው፣ የሰባት ዓመቱ ልጅና ደላላው ካልተለዩ ችግሩ አለ ማለት ነው። አንዲት ልጅ ለእናቷ «ውድ እናቴ ሆይ፣ ቤተሰባችን በከፍተኛ ድህነት ውስጥ ስለሚገኝ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ወስኛለሁ» የምትልበትን ተውኔት ያላረመ የአማርኛ መምህር በወሎ ብዙ አይገኝም።

ይህን ሲያይ «ተማሪው ጆሮ የለውም» ብሎ የሚደመድም አለ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ያው ተማሪ በእረፍት ሰዓት የመንደሩን ሰው አነጋገር አንድ በአንድ ሲያስመስል ይሰማል። ብዕር ሲይዝ ያንን የሚተወው ለዓመታት «ይህ የአነጋገር ዘዬ እንጂ የጽሑፍ ቋንቋ አይደለም» እያልን በቀይ እስክሪብቶ ስላሰመርንበት ነው። እኔም ይህንኑ በደል ፈጽሜአለሁ። ከቃሉ ወረዳ የመጣች አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ በጻፈችው ተውኔት ላይ እናትየዋ «አብሽሪ» እያለች ልጇን ስታጽናና፣ ጎረቤቷም በ«ወላሂ» ስትምል አይቼ እንደ ቋንቋ ስሕተት ቆጥሬ ነጥብ ቀነስኩ። በኋላ ተማሪዎቹ ጮክ ብለው ሲያነቡት ክፍሉ ፀጥ ብሎ ሲያዳምጥ፣ የቀነስኩት ከተውኔቱ ሕይወት ላይ መሆኑ ገባኝ፤ ነጥቧንም በማግስቱ መለስኩላት።

ስለዚህ የሰዋስውና የሆሄያት እርማት በመድረክ መግለጫዎች ላይ ብቻ ይወሰን፤ በቃለ ተውኔቱ ውስጥ የሚመዘነው ንግግሩ ለተናጋሪው ዕድሜ፣ ኑሮና ስሜት መስማማቱ ነው። ለተማሪውም «ቋንቋህን አስተካክል» ከማለት ይልቅ ልጅቷ ውሳኔዋን ሳትናገር ውሳኔዋ እንዲታወቅ አድርጎ ያንኑ ቦታ እንደገና እንዲጽፍ እንጠይቀው። በዚህ መንገድ ከተሻሻሉት መካከል አንዱ እንዲህ ይነበብ ነበር፦

ልጅ፦ እማ፣ ጣራው መጪውን ክረምት አይችልም።
እናት፦ አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል።
ልጅ፦ አላህማ ያውቃል፤ ቆርቆሮ ሻጩ ነው የማያውቅ።

ስደት የሚለው ቃል በሦስቱ መስመሮች ውስጥ የለም፤ ሆኖም ልጅቷ እንደምትሄድ እናቷም ተመልካቹም አውቀዋል።

ግጭቱን በመጨረሻው ገጽ ላይ ሽማግሌ መጥቶ ይፈታዋል

ሁለት ቤተሰብ በድንበር ወይም በደም ተጣልቶ አሥራ አምስት ገጽ ከቆየ በኋላ፣ እስከዚያ ድረስ ስማቸው ያልተነሣ ሽማግሌ ገብተው መክረው ያስታርቁና መጋረጃ ይዘጋል። ብዙ አራሚዎች ይህን «ያልተዘጋጀ ፍጻሜ» ብለው ነጥብ ቀንሰው ያልፋሉ። መንስኤው ግን ተማሪው የሚያውቀው እውነት ነው፤ በወሎ የአበጋር ሽምግልና ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን አንድ ላይ አስቀምጦ ደም የሚያደርቅ ሥርዓት ስለሆነ፣ ልጁ ጠብ እንዴት እንደሚያልቅ ሲጠየቅ ያየውን ጽፏል። ስሕተቱ ሽማግሌውን ማምጣቱ ሳይሆን እርቁን ማሳጠሩ ነው።

መፍትሄው ሽማግሌውን ከመጨረሻው ገጽ አውጥቶ ወደ ተውኔቱ መካከል ማምጣት ነው። ለተማሪው የሚጻፍለት አስተያየት በጥያቄ መልክ ቢሆን ይመረጣል፦ አልታረቅም ያለው ማን ነው? ለምንስ እምቢ አለ? ሽማግሌው ከተበዳዩ ቤት ስንት ጊዜ ተመለሱ? ካሳው ሲነገር የሟች እናት ፊቷን ወዴት አዞረች? እነዚህን ጥያቄዎች የመለሰ ተማሪ ጡዘቱን፣ ማለትም ግጭቱ እጅግ የሚከርበትን ቦታ፣ ራሱ በእርቁ ውስጥ ያገኘዋል፤ ምክንያቱም በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው መነጋገር የማይፈልጉ ሰዎች እንዲነጋገሩ የሚገደዱበት ጉባኤ ከሞላ ጎደል የተዘጋጀ መድረክ ነው።

ተውኔቱ ስብከት ይሆናል

ዋናው ገጸ ባሕርይ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ጉዳት ንግግር ያደርጋል። መንስኤው የክበባት ድራማ ብዙ ጊዜ ለተወሰነ ቀን፣ ለተሰጠ መልእክት የሚዘጋጅ መሆኑና በመመዘኛችን ውስጥም «መልእክት» የሚል ረድፍ መኖሩ ነው። ረድፉን አውጥተን በምትኩ «ተቃራኒው ወገን በቂ ምክንያት አለው ወይ?» የሚል እንተካ። ልጁን ለመዳር የቸኮለው አባት ክፉ ሰው ብቻ ከሆነ ግጭት የለም፤ ልጁን ይወዳት እንደሆነና የሚፈራው ነገር እንዳለ ከታየ ግን ስብከቱ ሳይሰረዝ ራሱ ይወድቃል።

መድረክ የማይችለው ተውኔት

አሥራ ሁለት ትዕይንት፣ የሐይቅ ጀልባ፣ የባቲ ገበያ ከነግመሎቹ ያሉበት ጽሑፍ ሲመጣ መንስኤው ልጁ የሚያውቀው ድራማ የቴሌቪዥን መሆኑ ነው። ከሰሌዳው ፊት ባለው ቦታ፣ በሁለት ወንበርና በአንድ ጀበና የሚሠራ እንዲሆን አስቀድሞ ወሰን መስጠት ይበቃል። ገበያው በድምፅ ሊመጣ ይችላል።

ለአንድ ተውኔት ሁለት መምህራን የተራራቀ ነጥብ ይሰጣሉ

አንዱ 85 ሌላው 55 ሲሰጥ፣ ብዙውን ጊዜ አንደኛው የቋንቋ ውበትን፣ ሁለተኛው ግጭትን እያነበበ ነው። የምጠቀምበት ክፍፍል ለግጭትና ለድርጊት 35፣ ለቃለ ተውኔት 30፣ ለመድረክ ተስማሚነት 15፣ ለፍጻሜ 10፣ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ረቂቅ ለታየ መሻሻል 10 ነው። ክፍፍሉ ብቻውን ግን አያግባባም። እርማቱ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ተውኔቶች መርጦ ለየብቻ ማረም፣ ከዚያም ከ10 ነጥብ በላይ የተለያዩበትን ሥራ በተማሪዎች አስነብቦ አብሮ ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ በዝምታ ያነበቡትን ተውኔት በድምፅ ሲሰሙት ነጥባቸውን የሚቀይሩ መምህራን ጥቂት አይደሉም።

ሥራው የተማሪው አይመስልም

ከሌላ ቦታ የተገለበጠ የሚመስል ተውኔት ሲገጥመን ተማሪውን በክፍሉ ፊት መወንጀል ከባድ ጉዳት ያደርሳል፤ ጥርጣሬው ሲሳሳት ልጁ ዳግመኛ አይጽፍም። ለብቻው ጠርቶ «ይህች ሴት ከመጋረጃው መዘጋት በኋላ ወዴት ትሄዳለች?» ብሎ መጠየቅና በዚያው ተቀምጦ ግማሽ ገጽ እንዲጽፍ ማድረግ ይሻላል። የራሱ ከሆነ ከጠየቅነው በላይ ይጽፋል፤ ካልሆነም ለአዲስ ሥራ የአንድ ሳምንት ጊዜ ሰጥቶ የመጀመሪያውን ረቂቅ ከነስርዝ ድልዙ እንዲያመጣ መንገር ነው።