ማስታወቂያው አልሸጥ ሲል ቃላቱን ከመቀያየራችሁ በፊት

ቴሌግራም ላይ የሴቶች ጫማ መሸጥ ስጀምር የመጀመሪያው ፖስቴ እንዲህ ይል ነበር፦ «ጥራቱን የጠበቀ ምርጥ የቆዳ ጫማ! እንዳያመልጣችሁ! ዋጋ በውስጥ መስመር።» ከጎኑ አራት የእሳት ምልክት። ሁለት ሴቶች «ስንት ነው?» ብለው ጠፉ። ከዚያ ቃላት መቀያየር ጀመርኩ። «ምርጥ» የነበረውን «ልዩ» አልኩት፣ እሳቱን ስድስት አደረስኩት። ወይ ፍንክች።

ለካ ችግሩ የቃላት አልነበረም። ጫማ አለኝ ግዙኝ ከማለት ሌላ የምለው ነገር አልነበረኝም።

ስለዚህ ጽሑፉን ለጊዜው ተዉትና አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ገዢው ዕቃውን እየፈለገው ለምንድን ነው የማይገዛው? ዋጋው ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። እኔ የጠፉትን ሁለቱን መልሼ ጠየቅኳቸው። አንዷ «ልኬ ባይሆንስ? ደሞ እናንተ መልሳችሁ አትቀበሉም» አለችኝ። እውነቷን ነው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን በየሱቁ እያነበበ ያደገ ሰው፣ ነክቶት የማያውቀውን ጫማ በስልክ እንዴት ብሎ ይዘዝ?

እዚህ ላይ የሚቀየረው የምትሰጡት ነገር ነው። እኔ ሞተረኛው ሁለት ቁጥር ይዞ እንዲሄድ አደረግኩ። ይሄን ከወሰንኩ በኋላ ጽሑፉ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም፦

«ቁጥርሽ 37 ነው ወይስ 38? ካላወቅሽ ሁለቱንም እናመጣለን። ደጅሽ ላይ ለክተሽ የሆነሽን አስቀሪ፣ ሌላውን ለሞተረኛው መልሺ። ሁለቱም ካልሆኑሽ የሞተር 150 ብር ብቻ ትከፍያለሽ። ጫማው 2,400 ብር፣ ከለካሽ በኋላ፣ በቴሌብር ወይም በካሽ። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ።»

አንድም «ምርጥ» የለበትም። ዋጋውም እዚያው ተጽፏል፤ «በውስጥ መስመር» የሚለውን ነገር በእናታችሁ ተዉት፣ ሰው ሊጠየፈው ምንም አልቀረው።

ትልልቆቹም ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር አይሠሩም። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ኢኮኖሚው ወድቆ ሰው ከሥራ እባረራለሁ ብሎ መኪና መግዛት ሲፈራ፣ ሂዩንዳይ «ገዝታችሁ በዓመት ውስጥ ሥራችሁን ካጣችሁ መኪናውን መመለስ ትችላላችሁ» አለ። ዋጋ መቀነስ ብቻውን ያንን ፍርሃት አይነካውም፤ ሥራ አጥ ለሆነ ሰው የረከሰ መኪናም ዕዳ ነው።

ምርቃትም አለ። ገበያ ወጥቶ «መርቂልኝ» ያላለ ሰው የለም መቼም። ግን ምርቃቱ ከዕቃው ጋር የሚሄድ ይሁን። ለቆዳ ጫማ የጫማ ቀለም ያስኬዳል። እኔ አንድ ሰሞን የስልክ መያዣ እሰጥ ነበር፣ ምን አስቤ እንደሆነ እንጃ።

«3 ፍሬ ብቻ ቀረ» ብላችሁ ሦስት ሳምንት አትለጥፉ፣ ሰው ይቆጥራል። ገደብ ካላችሁ ከነምክንያቱ ጻፉት። የእኔ «ሞተረኛችን አንድ ስለሆነ በቀን 6 ሰው ብቻ» ይላል፣ እውነትም አንድ ነው።

ቃል ከመግባታችሁ በፊት ግን ካልኩሌተር አውጡ። ከ10 ሰው 3ቱ ቢመልሱ ትችሉታላችሁ? ካልቻላችሁ ቃሉን አሳንሱት፤ የማትፈጽሙትን ቃል ያሳመረ ጽሑፍ የሚያመጣላችሁ ስድብ ነው።

ከለጠፋችሁ በኋላ የሚመጣላችሁን ጥያቄ አንድ ቦታ ሰብስቡ። ያው ጥያቄ ሦስቴ ከመጣ መልሱን ፖስቱ ውስጥ አስገቡት። «እሁድ ታመጣላችሁ?» ሲበዛብኝ «እሁድም እናመጣለን» የሚል ጨመርኩ። አሁን ደግሞ «ለወንድስ የላችሁም?» እያሉኝ ነው። ይሄ በጽሑፍ አይፈታም፣ ቅዳሜ መርካቶ መውረድ ሊኖርብኝ ነው።