የኪራዩን ሞደም መልሳችሁ የራሳችሁን የምትተክሉት እንዴት ነው?

አክስቴ የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ለፋሲካ ቤቷ ሄጄ ሳለ «ይህ የኢንተርኔት ቢል ለምን እንደሚጨምር እስቲ እይልኝ» ብላ ወረቀቱን ሰጠችኝ። ከዋናው ሂሳብ ሥር በደቃቅ ፊደል የዕቃ ኪራይ ተብሎ 14 ዶላር ተጽፏል። ቴሌቪዥኑ ጎን የተቀመጠችው ጥቁር ሳጥን፣ የኢንተርኔቱን መስመር የምትቀበለው ሞደም፣ ኪራይ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ከፍላለች። 840 ዶላር! ሳጥኗ ግን ዛሬም የእሷ አይደለችም። የሌሊት ፈረቃ እየሠራች የምታመጣው ገንዘብ ስለሆነ አንጀቴ አረረ። በዚያው ሳምንት ቀየርንላት። አሜሪካ የምትኖሩና የኬብል ኢንተርኔት ያላችሁ ሁሉ እንዲህ ልታደርጉት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ቢላችሁን እዩ

ኢኩዊፕመንት፣ ጌትዌይ ወይም ሞደም ሬንታል የሚል መስመር ፈልጉ። ከሌለ አትድከሙ፣ ሞደሙን ያለ ኪራይ የሚሰጡ ድርጅቶችም አሉ። ካለ ደግሞ ወደ ግድግዳው ሂዱና መስመሩን ተመልከቱ። ጫፉ ክብ ሆኖ የሚጠመዘዝ፣ መሃሉ ላይ መርፌ የመሰለች ቀጭን ሽቦ ያለችው ከሆነ የኬብል መስመር ነው፤ ሞደሙንም ራውተሩንም መቀየር ትችላላችሁ። እንደ ቬራይዘን ፋዮስ ያለ ፋይበር ከሆነ ግድግዳው ላይ ያለው የድርጅቱ ሳጥን እዚያው ይቀራል፣ የምትቀይሩት ራውተሩን ብቻ ነው።

ለድርጅቱ ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የቤት ስልካችሁ ከሞደሙ ጀርባ የተሰካ ከሆነ የስልክ መሰኪያ ያለው ሞደም ያስፈልጋችኋል። ተራውን ከገዛችሁ ስልኩ ድምፁን ያጠፋል፣ እናትና አባታችን ቤት ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ ገደብ የሌለው ዳታ ከኪራዩ ጋር አብሮ የተሰጣችሁ ከሆነ ኪራዩ ሲቀር እሱም ይቀራልና ሂሳቡን ቀድማችሁ አስሉት።

ምን ይገዛል?

ሞደም ከድርጅቱ መስመር ጋር የሚነጋገረው ነው። ራውተር ደግሞ ኢንተርኔቱን ተቀብሎ በዋይፋይ ለቤቱ የሚያከፋፍለው። የኪራዩ ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም በአንድ ይዟል። እኔ ለየብቻ ግዙ እላለሁ፣ ምክንያቱም ዋይፋዩ ሲያረጅ ሞደሙን ሳትነኩ ራውተሩን ብቻ ትቀይራላችሁ።

ድርጅታችሁ የሚቀበላቸውን ሞደሞች ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ከዚያ ዝርዝር ውጭ አትግዙ። ከውስጡም ዶክሲስ (DOCSIS፣ የኬብል ሞደሞች የሚሠሩበት ደረጃ) 3.1 የሚለውን ምረጡ፣ 3.0 ቢረክስም እያለፈበት ያለ ነው። አሪስ፣ ሞቶሮላና ኔትጊር በብዛት የሚገኙት ናቸው። ለሞደሙ ከ150 እስከ 200 ዶላር፣ ዋይፋይ 6 ላለው ደህና ራውተር ደግሞ ከ100 ዶላር በታች ያዙ። ለሁለቱ 240 ብታወጡ፣ የወር ኪራዩ 15 ከሆነ በ16 ወር ወጪያችሁን መለሳችሁ ማለት ነው።

ያገለገለ ሞደም ስትገዙ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። አንዳንዱ ሰው ተከራይቶ ያልመለሰውን ሳጥን ይሸጣል። እንዲህ ያለውን ድርጅቱ አይመዘግብላችሁም፣ ገንዘባችሁም ቀለጠ።

መትከሉ

ምንም ሳትነቅሉ የአሁኑን ዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ጻፉ። የአዲሱን ሞደም ጀርባ ወይም ሥር በስልክ ፎቶ አንሱት። የሞደሙ መለያ የሆኑት ማክ አድሬስ (MAC) እና ሲሪያል ቁጥር እዚያ ናቸው፣ ትጠየቃላችሁ። የስልካችሁ ዳታ መሥራቱን አረጋግጡ፣ ለትንሽ ጊዜ ዋይፋይ አይኖራችሁምና።

አሁን አሮጌውን ንቀሉ። ኬብሉን አዲሱ ሞደም ላይ በእጃችሁ አጥብቁት፣ ከላላ ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል። ኤሌክትሪኩን ሰኩና ጠብቁ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ኦንላይን የሚለው ቀጥ ብሎ እስኪበራ ሩብ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፣ ትዕግሥት አጥታችሁ እንዳትነቅሉት። ከዚያ በድርጅቱ አፕ ወይም በስልክ ደውላችሁ አስመዝግቡት።

ሲመዘገብ ሞደሙን አጥፉ። ከዕቃው ጋር የመጣውን የኔትወርክ ገመድ አንዱን ጫፍ ሞደሙ ላይ ሰኩ፣ ሌላውን ጫፍ ራውተሩ ላይ ዋን (WAN) ወይም ኢንተርኔት የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ክተቱ። አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ ከሌሎቹ ይለያል። መጀመሪያ ሞደሙን፣ ቀጥሎ ራውተሩን አብሩ። ቅደም ተከተሉን አትናቁት፣ ሞደሙ አዲሱን ራውተር የሚያውቀው እንደ አዲስ ሲነሳ ነው።

የራውተሩ አፕ ስም ስጡት ሲላችሁ ያንን ወረቀት አውጡ። አሮጌውን ስምና የይለፍ ቃል፣ ትልቅና ትንሽ ፊደሉ ሳይዛነፍ፣ እንዳለ ጻፉት። አክስቴ ቤት ይህን ስናደርግ ስልኳ፣ ፕሪንተሯና የበሯ ካሜራ ሳይጠይቁ ተያያዙ። የአገር ቤት ቻናሎች የምታይበት ሳጥንም በራሱ ጊዜ ሥራ ጀመረ፣ «እንዴ! መጣ እኮ!» አለች። የራውተሩን ማስተካከያ የምትገቡበትን የይለፍ ቃል ግን ሌላ አድርጉት። ራውተሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ወይም ቴሌቪዥን ጀርባ አትደብቁት። ቤቱ መሃል፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጡት።

መመለሱ

አሮጌውን ለጥቂት ቀናት ያዙት። አዲሱ በደንብ መሥራቱን ስታዩ ከነገመዱ መልሱ። ደረሰኝ ሳትይዙ ከቢሮው እንዳትወጡ። እኔ ከዓመታት በፊት ያለ ደረሰኝ መልሼ ከሁለት ወር በኋላ «ዕቃችንን አልመለስክም» የሚል ሂሳብ መጣብኝ፤ ማስረጃ ስላልነበረኝ ከፈልኩ። የሳጥኑ ሲሪያል ቁጥር ደረሰኙ ላይ መኖሩን እዚያው ቆማችሁ አመሳክሩ፣ ፎቶም አንሱት።

የሚቀጥለው ቢል ሲመጣ ኪራዩ መውጣቱን እዩ። አሁንም ካለ ደውሉ። ከዲሴምበር 20 ቀን 2020 ጀምሮ በሚሠራው የፌዴራል ሕግ መሠረት ደንበኛው በራሱ ዕቃ እየተጠቀመ የኢንተርኔት ድርጅት ኪራይ ሊያስከፍለው አይችልም። ይህንኑ ንገሯቸውና የከፈላችሁት እንዲመለስላችሁ ጠይቁ።