ሉፕ ወይስ ቾፕ? ከሸክላ ሳምፕል ስንወስድ የሚገጥሙን ችግሮችና መፍትሄያቸው

ችግር፦ ሉፑ (ከሸክላ ወስደን እየደጋገምን የምናዞረው ቁራጭ) ሁለት ዙር በደንብ ይሄዳል፤ ከዚያ የእናንተ ኪክ (ወፍራሙ የከበሮ ምት) እና የሸክላው ከበሮ ይለያያሉ።

መጀመሪያ ቢፒኤሙን፣ ማለትም በደቂቃ ስንት ምት እንዳለ፣ አረጋግጡ። ፕሮግራሙ የገመተውን አትመኑ። የምቶቹን ብዛት በ60 አባዙና ሉፑ በሚፈጀው ሴኮንድ አካፍሉት፦ 16 ምት በ10.43 ሴኮንድ ካለቀ 92 ነው ማለት ነው።

ቁጥሩ ልክ ሆኖም ከተንሸራተተ ምክንያቱ አጨዋወቱ ነው። የድሮዎቹ የአዲስ አበባ ሸክላዎች በአብዛኛው ባንዱ አንድ ላይ ሆኖ፣ ያለ ክሊክ (ፍጥነት የሚጠብቅ ምት) የተጫወታቸው ናቸው። ሳክስፎኑ ሲሞቅ ከበሮውም አብሮት ይፈጥናል። አሁን የምሠራበት አራት ባር (ባር ማለት አንድ የምቶች ቡድን ነው) ውስጥ ሦስተኛው ከሌሎቹ ያጥራል፤ ለብቻው ሲሰማ ማንም አያውቀውም፣ ኪክ ሲገባበት ግን ወዲያው ይጋለጣል። ስትሬች አታድርጉት (በፕሮግራም አትለጥጡት)፣ የነፋስ መሣሪያዎቹን ድምፅ ያበላሻል። በየባሩ መጀመሪያ ቁረጡና አራቱን ቁራጭ አራት ፓድ (በጣት የሚመታ ቁልፍ) ላይ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ባሩ ሲገባ ምቱት። አሠራሩ ቾፕ (ቆራርጦ ቁራጮቹን መልሶ መጫወት) ነው፤ ሰሚው የሚሰማው ግን ሉፕ ነው። አጭሩ ባር ጫፍ ላይ የምትቀረውን ዝምታ አንድ ሃይሃት (የጸናጽል ምት) ይሸፍናታል።

ችግር፦ ሉፑ ከ4/4 ከበሮ ጋር በጭራሽ አልገጥም አለ።

ችክችካ ይዛችሁ ይሆናል፣ እሱ 6/8 ነው። ግሪዱን (የፕሮግራሙን የምት መስመሮች) ወደ ትሪፕሌት፣ አንዱ ምት ለሦስት ወደሚከፈልበት፣ ቀይሩት። አንዱ የችክችካ ባር ሁለት ምት፣ ሁለቱ ባር አራት ምት ይሆንላችኋል፤ ስኔሩ (ጮኽ ያለው የከበሮ ምት) ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ያርፋል። ሃይሃቱም በትሪፕሌት ይሂድ።

ችግር፦ የመሲንቆው ቾፕ አንገቱ የተቆረጠ ይመስላል።

ይሄን ችግር ብዙ ቢት ላይ እሰማዋለሁ፣ ያሳዝነኛልም። አውቶማቲክ መቁረጫው የሚፈልገው ድምፅ በድንገት የሚጎላበትን ቦታ ነው። ለክራር ይሠራል፣ ጣት ክሩን ሲመታ አነሳሱ ስለታም ነውና። መሲንቆ ግን ወደ ድምፁ የሚደርሰው እየተንሸራተተ ነው። መቁረጫው ያቺን መንሸራተቻ ለቀደመው ቁራጭ ይሰጥና ለቀጣዩ ደረቅ ድምፅ ብቻ ይተውለታል። የድምፁን ማዕበል ስክሪን ላይ በዓይን ከማየት በጆሮ ስሙ፤ ደጋኑ አቅጣጫ የሚቀይርበትን ቦታ ፈልጋችሁ እዚያ በእጅ ቁረጡ። ፓዱንም ከምቱ ትንሽ ቀድማችሁ ምቱት፣ ዋናው ድምፅ ምቱ ላይ እንዲያርፍ።

ችግር፦ ቁራጮቹ እየተደራረቡ ይተራመሳሉ።

ፓዶቹን አንድ ሚዩት ግሩፕ ውስጥ አስገቧቸው፤ አዲሱ ሲመታ የቀደመው ይቆማል። መቁረጫው ላይ "ጧ" የሚል ድምፅ ካለ ጫፉ ዜሮ መስመር (የድምፁ ማዕበል መሃሉን የሚያቋርጥበት ቦታ) ላይ አልተቆረጠም፤ 5 ሚሊሴኮንድ ፌድ (ድምፁን ቀስ አድርጎ ማንሳት ወይም ማውረድ) ይበቃዋል።

ችግር፦ ቢቱ ከስምንት ባር በኋላ ይሰለቻል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ለመቆራረጥ እንቸኩላለን። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ኤስፒ 1200 የተባለው የሳምፕል ማሽን የሚይዘው ወደ 10 ሴኮንድ ብቻ ነበር፤ ፕሮዲውሰሮቹ በደቂቃ 33 ዙር የሚሄደውን ሸክላ በ45 ፍጥነት እየቀዱ ማሽኑ ላይ ፍጥነቱን መልሰው ያወርዱት ነበር። ሴኮንድ ስለሚቆጥቡ አጫጭር ቁራጭ መውሰድ ግድ ይላቸው ነበር። እኛ ያ ግዴታ የለብንም። ዜማው ራሱ ተነስቶ ራሱ የሚያርፍ ከሆነ ሉፑን አትንኩት። በየአራተኛው ባር የመጨረሻዋን ምት ዝም አሰኟት፤ ባሱንም ለሁለት ባር አውጥታችሁ መልሱት። ያም ካልበቃው ያን ጊዜ ቾፕ አድርጉት።