አዲስ ነርስ ሆኖ ዋርድ መግባት፦ ከቴምፖ እስከ ሌሊት ተረኝነት

ነርሲንግ ተማሪ ሳላችሁ ከኋላችሁ ሁሌም አንድ ሰው አለ። መድኃኒት ስትሰጡ የዋርዱ ነርስ ታያለች፤ ካርድ ላይ ስትጽፉ አስተማሪው ይፈርማል። ፈቃድ ካወጣችሁ ማግስት ግን ፊርማው የእናንተ ነው። መሀል አዲስ አበባ ያሉት የመንግሥት ሆስፒታሎች ደግሞ ፋታ አይሰጡም። ከየክልሉ ሪፈር የተጻፈለት ሰው የሚመጣው እዚሁ ነው።

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ሥራ ለምትጀምሩ ነው። ሁሉንም ደረጃ እኩል አላብራራም። የወረቀቱ ጣጣ አሰልቺ ቢሆንም ያልቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ተራ መረካከቡ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም አደርጋለሁ።

1. ወረቀቱን ጨርሱ

ሁለት ፈተናዎች አሉ፣ አታምታቷቸው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ለመመረቅ ነው፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ታካሚ ለማከም ግን ይህ ብቻ አይበቃም። የጤና ሚኒስቴር የሚያዘጋጀውን የብቃት ምዘና ፈተናም ማለፍ አለባችሁ። ለዚህኛው ሃንዳውት መሸምደድ ብዙም አይጠቅምም። አንድ ታካሚ ወስዳችሁ «መጀመሪያ ምን አደርጋለሁ?» እያላችሁ ከጓደኛ ጋር ብትከራከሩ ይሻላል።

ከማመልከታችሁ በፊት ስማችሁን አረጋግጡ። ቴምፖው (ጊዜያዊ ዲግሪው)፣ ስቱደንት ኮፒው (የውጤት ዝርዝሩ)፣ መታወቂያው እና የፈተና ውጤቱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ስም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዱ ላይ «ሃሰን» በአንድ ኤስ፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤስ ከሆነ ከመስኮት መስኮት ትንከራተታላችሁ። ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ጋ እያላችሁ አስተካክሉት። ከተመረቃችሁ በኋላ ለአንዲት ፊደል ብሎ መመላለስ ያማርራል። ጉርድ ፎቶና ኮፒ በርከት አድርጋችሁ ያዙ።

2. የት እንደምትጀምሩ አስቡ

ምርጫ ካገኛችሁ ማለቴ ነው። ጋንዲ ከገባችሁ እጃችሁ በወሊድ ይፈታል። የካቲት 12 የቃጠሎ ሕክምና አለው። ምኒልክ በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። ጥቁር አንበሳ ካንሰሩም ሌላውም ከባድ ሕመም የሚመጣበት ነው፤ ማስተማሪያ ስለሆነ ግን የሚጠየቅ ሬዚደንት (ስፔሻላይዝ እያደረገ ያለ ሐኪም) አይጠፋም።

የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ሜዲካል ወይም ሰርጂካል ዋርድ አሳልፉ። ሁሉንም ዓይነት ሕመም ታያላችሁ። ማታ ብቻችሁን የምትቀሩበት ትንሽ ክሊኒክ ደመወዙ ቢያጓጓም አሁን አትግቡበት። ገና ብዙ የምትጠይቁት አለ፤ እዚያ ደግሞ የሚጠየቅ ሰው የለም።

3. ዕቃ

የሴኮንድ ዘንግ ያለው የእጅ ሰዓት፣ ኪስ የሚገባ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ የማያዳልጥ የተዘጋ ጫማ። ለጊዜው ይሄ ይበቃል። ውድ ስቴቶስኮፕ ለመግዛት አትበደሩ። ገንዘቡን ጫማው ላይ አውሉት፤ ሌሊቱን ሙሉ የምትቆሙት በሱ ነው።

4. ድሪፕ ቆጥራችሁ ልቀቁ

ድሪፕን (በደም ሥር የሚንጠባጠብ ፈሳሽን) በዓይን ገምቶ መልቀቅ የተለመደ አቋራጭ ነው። እኔ አልወደውም። የሚሰጠውን ሚሊ ሊትር በሴቱ (ፈሳሹ በሚወርድበት ቱቦ) የአንድ ሚሊ ሊትር የጠብታ ቁጥር አባዙና ለደቂቃው አካፍሉ። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ይሂድ ከተባለና ሴቱ 20 ጠብታ ከሆነ፣ 1000 ሲባዛ በ20፣ ሲካፈል ለ480፤ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ነው። ሴቱ ስንት ጠብታ እንደሆነ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። የሕፃናቱ 60 ስለሆነ ሳታዩ አታስሉ።

ከዚያ ነጭ ፕላስተር ቀድዳችሁ ግሉኮሱ ጎን ላይ ከላይ እስከ ታች ለጥፉ። የጀመራችሁበትን ሰዓት ጻፉ፤ በየሰዓቱ የት መድረስ እንዳለበት መስመር አስምሩ። ከላይ ባለው ምሳሌ በየሰዓቱ 125 ሚሊ ሊትር ይወርዳል። አስታማሚዎች «ቶሎ ይለቅለት» ብለው መቆጣጠሪያዋን ማዞራቸው የታወቀ ነው። ፕላስተሩ ካለ በሩቁ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ለአስታማሚውም «ሰዓቱ ሳይደርስ ከዚህ መስመር ካለፈ ጥሩኝ» ብላችሁ ማሳየት ትችላላችሁ። ሥራ የተሰጠው አስታማሚ መቆጣጠሪያዋን አይነካም።

5. ተራ መረካከብ

ዋናው ነገር ይሄ ነው። መድኃኒቱን የምታውቅ ጎበዝ ነርስ ወጥታ ሌላ ጎበዝ ነርስ ትገባለች። ታካሚው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በሁለቱ መሀል ነው።

በብዙ ዋርድ ርክክቡ የሚደረገው ጠረጴዛ ላይ፣ መዝገብ ተከፍቶ ነው። የምትወጣዋ ሌሊቱን አድራለች፤ ታክሲ ሰልፍ ሳይረዝም መድረስ ትፈልጋለች። «አልጋ 4 ደህና ናቸው፣ አልጋ 5 ደህና ናቸው፣ አልጋ 6 ዛሬ ይወጣሉ» ትላለች። እናንተ አዲስ ናችሁና ታላቅን ማስቆም ያሳፍራችኋል። አያሳፍራችሁ። «ሲስተር፣ ከቻልሽ አልጋቸው ጋ ሄደን እንያቸው» በሉ። በአክብሮት ከጠየቃችሁ ፊቷን ብታጠቁርም ትመጣለች።

አልጋው ጋ ስትደርሱ ታካሚውን ጥሩ። አባባ፣ እማማ፣ እናቴ፣ እንደ ዕድሜያቸው፤ ስማቸውንም አስከትሉ። አመላለሳቸው ብቻውን ብዙ ይነግራችኋል። ቀጥሎ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የገባች ቀጭን ቱቦ) ያለበትን እጅ ከብርድ ልብሱ አውጥታችሁ እዩ፣ ዳብሱ። የሽንት ከረጢቱ ስንት ይዟል? ፋሻው ደርቋል ወይስ ርሷል? ኦክስጅን ካለ ሲሊንደሩ ስንት ቀርቶታል?

አንድ ማለዳ ከነርሶቹ ጋር ስረከብ ተረካቢዋ ነርስ የአንዲት እናትን እጅ ከጋቢያቸው ሥር አወጣች። እስከ ክርናቸው አብጧል፣ ቆዳቸው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ካርዱ ላይ «ፍሉይድ እየሄደ ነው» ይላል። በእርግጥም እየሄደ ነበር፤ ግን ወደ ደም ሥር ሳይሆን ከቆዳ ሥር። ለምን እንዳልተጣሩ ስትጠይቃቸው «ልጆቼ፣ ሌሊቱን ስትሯሯጡ አይቼ እንዳላስቸግራችሁ ብዬ ነው» አሉ። የኛ ሰው እንዲህ ነው። እስክትጠይቁት ሕመሙን ይዞ ዝም ይላል። ጠረጴዛ ላይ ተረክባ ቢሆን ኖሮ ያ እጅ እስከ ቀትር እንደዚያው ይቆይ ነበር።

ሌላው አደጋ ሰዓት ነው። ኦርደር (የሐኪሙ ትእዛዝ) የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እኛ የምናወራው በሀበሻ። በቀን አራት ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት ሠንጠረዡ ላይ 6፣ 12፣ 6፣ 12 ተብሎ ይሰፍራል። የፈረንጁ 6 የኛ 12 ነው፤ የፈረንጁ 12 ደግሞ የኛ 6። ቁጥሮቹ ያው ሆነው ቦታ ይለዋወጣሉ። እንግዲህ «የ6 ሰዓቱን ሰጥቻለሁ» ስትባሉ የትኛው 6 ነው? መድኃኒቱ ሊዘለል ወይም ሁለቴ ሊሰጥ ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በአፍ የተነገረ ሰዓት ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ጣታችሁን ሠንጠረዡ ላይ አሳርፉና «ይቺን ነው?» በሉ። የፊርማው ቦታ ባዶ ከሆነ ተሰጥቷል ብላችሁም፣ አልተሰጠም ብላችሁም አትገምቱ። ሰጪዋ በር ላይ ሳትደርስ ጠይቋት። እናንተ ስትጽፉ ደግሞ የ24 ሰዓት አቆጣጠር ተጠቀሙ። 06:00 ጠዋት 12 ሰዓት ነው፣ 18:00 ምሽት 12 ሰዓት ነው፤ ማንም አይሳሳትበትም።

ሞርፊንና ፔቲዲን (ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎች) ካለ አብራችሁ ቁጠሩ። ሳትቆጥሩ አትፈርሙ፤ የጎደለው ሁሉ የፈረመው ሰው ላይ ነው የሚቀረው።

6. ሌሊት ሐኪም መጥራት

አዲስ ነርስ ሐኪም ለመቀስቀስ ይፈራል። የሚያስፈራው ብዙ ጊዜ ምን እንደሚባል አለማወቅ ነው። ኤስባር የሚባለውን ቅደም ተከተል ትምህርት ቤት ተምራችሁታል። ሁኔታው፣ ታሪኩ፣ የናንተ ግምት፣ የምትፈልጉት። ስልኩን ከማንሳታችሁ በፊት ቫይታል ሳይን (የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ሙቀት) አዲስ ለኩ፣ ካርዱን እጃችሁ ላይ አድርጉ። እንዲህ ነው የሚባለው፦

«ዶክተር፣ ከሰርጂካል ዋርድ ተረኛ ነርስ ነኝ። አልጋ 9 ያሉት አባት የደም ግፊታቸው 80 በ50 ወርዷል፣ የልብ ምታቸው 124 ነው። ዛሬ ጠዋት የአንጀት ኦፕራሲዮን ተደርጎላቸዋል። ፋሻቸው በደም ርሷል፤ እየደሙ ይመስለኛል። አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። «እንዲያውቁት ብዬ ነው» ብቻ ከተባለ ሐኪሙ ተመልሶ ሊተኛ ይችላል። ካልመጣ ድጋሚ ደውሉ፤ ከዚያም ከሱ በላይ ላለው። የደወላችሁበትን ሰዓትና የተሰጣችሁን መልስ ጻፉ።

7. ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልጉ መድኃኒቶች

ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይበጠበጥ በሲሪንጅ ደም ሥር ውስጥ በፍጹም አይገፋም፤ ልብ ያቆማል። ማግኒዚየም ሰልፌት ከመድገማችሁ በፊት የጉልበት ሪፍሌክስ መኖሩን፣ ትንፋሽ በደቂቃ ከ16 አለማነሱን፣ ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሆኑን እዩ፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔትም አጠገባችሁ ይኑር። ኢንሱሊን በራሱ ሲሪንጅ ብቻ ይቀዳል፤ ሌላ ነርስም ትይላችሁ።

8. ራሳችሁን ጠብቁ

ታካሚዎች ነጭ ለባሹን ሁሉ፣ በተለይ ወንድ ከሆናችሁ፣ «ዶክተር» ይሏችኋል። «ነርስ ነኝ» ብላችሁ አርሙ። የሚጠይቋችሁን የሚመልሰው ማን እንደሆነ ማወቅ መብታቸው ነው።

የምትኖሩት ዳር ሰፈር ከሆነ፣ ማታ የሚያልቅ ተራ ላይ ወደዚያው ከሚሄድ ባልደረባ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ብቻችሁን ታክሲ አትጠብቁ።

መርፌ ከተጠቀማችሁበት በኋላ ክዳኑን አትመልሱ፤ በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጣሉት። ከወጋችሁ ቦታውን በውኃና በሳሙና እጠቡ፣ አትጭመቁት፣ ወዲያው ለኃላፊያችሁ ተናገሩ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በሰዓታት ውስጥ ከሆነ ደግሞ እጅግ ይሻላል። ተራው እስኪያልቅ ብላችሁ አትቆዩ፣ ይሉኝታም አይያዛችሁ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልጨረሳችሁ ዋርድ ከመግባታችሁ በፊት ጀምሩት። ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። ካርዱን ከፈቃዳችሁ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡት።