የአጥር ጥግ ሳማን እንዴት ለቅመን በጥንቃቄ እንበላለን

ሳማ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን መለብለቡ ነው። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የበቀለበት ቦታ ነው፤ ልብለባው በፈላ ውሃ ይጠፋል፣ ቅጠሉ ከተበከለ አፈር የሳበው ነገር ግን አብሮ ወደ ሳህን ይመጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦታ ምረጡ። ሳማ ፍግ የጠገበ አፈር ይወዳል፤ አጥር ጥግ ለምልሞ የምናየውም ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። የመኪና መንገድ ዳር፣ ቆሻሻ መጣያና ፍሳሽ አጠገብ ወይም ጸረ አረም የተረጨበት ቦታ የበቀለውን፣ የቱንም ያህል ቢያምር እለፉት።

ቀጥሎ ጊዜውን እዩ። አበባ ሳያወጣ፣ ከጫፉ ያሉትን አራት ወይም ስድስት ለጋ ቅጠሎች ብቻ ቁረጡ። ካበበ በኋላ ቅጠሉ ይሻክራል፤ በውስጡ የሚጠራቀሙት የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶችም የሽንት ቧንቧን ሊያስቆጡ ይችላሉ።

ወፍራም ጓንት፣ እጅጌው ረጅም ልብስና መቀስ ያስፈልጋችኋል። ቅጠሉን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ ብታዩት ጸጉሮቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የጸጉሩ ጫፍ እንደ መስታወት ተሰባሪ ነው፤ ገና ሲነካ ይሰበርና የቀረው እንደ መርፌ ቆዳ ወግቶ ሂስታሚንና ሌሎች የሚያቃጥሉ ነገሮችን ይረጫል።

ከለበለባችሁ፣ እባካችሁ አትሹት፤ ማሸት ጸጉሩን ይበልጥ ያስገባዋል። በሳሙናና በውሃ እጠቡት፣ የቀረውን ጸጉር ፕላስተር ለጥፋችሁ ንቀሉት። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ቤት ስትገቡ ጓንቱን ሳታወልቁ ቅጠሉን በብዙ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። ከዚያ የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ ለ3 ደቂቃ ያህል ቀቅሉት። ቅጠሉ ሙሽሽ ይላል፣ አረንጓዴነቱ ይጠቁራል፤ ያኔ በባዶ እጅ ይጨመቃል፣ ይከተፋል፣ እንደ ቆስጣ ይሠራል። ጥሬውን ለመቅመስ አትሞክሩ፤ ምላስና ጉሮሮም ይለበለባሉ።

ለሁሉም ሰው አይሆንም። ሳማ በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው የመድኃኒቱ ጉልበት ሊቀንስበት ይችላል። የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱና ነፍሰ ጡሮች አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሌላውም ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበላ ሁለት ሦስት ማንኪያ ቀምሶ እስከ ማግስቱ ይቆይ።