ልጃችሁ ኦፕራሲዮን ሊሆን ነው? ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት ሲመረጥ የእናንተ ድርሻ

ደሴ ውስጥ ልጁን ለኦፕራሲዮን ያመጣ ወላጅ ሁሌም አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «ማደንዘዣው አይጎዳውም?» ማደንዘዣ ግን አንድ መድኃኒት አይደለም። አንዱ ያስተኛል፣ አንዱ ሕመም ያስታግሳል፣ ሌላው ጡንቻ ያላላል። ይህ ሦስተኛው፣ እኛ ሰመመን ሰጪዎች ማስል ሪላክሳንት የምንለው፣ አያስተኛም፤ ሕመምም አያስታግስም። የመተንፈሻ ጡንቻንም ስለሚያስቆም፣ እስኪለቅ ድረስ ለልጁ የምንተነፍስለት እኛ ነን።

መድኃኒቱን የሚመርጠው ሰመመን ሰጪው ነው። የሚመርጠው ግን እናንተ የነገራችሁትን ይዞ ነው።

1. አያቶችን ጠይቁ። በእናትም በአባትም ወገን። ኦፕራሲዮን ሆኖ ትንፋሹ አልመለስ ያለው፣ ሰውነቱ እንደ እሳት የነደደ ወይም እዚያው ያረፈ ዘመድ አለ? እንዲህ ያለው ነገር ቤት ውስጥ «የአላህ ሥራ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኛ ግን እንፈልገዋለን። ምክንያቱ ሳክሳሜቶኒየም የሚባለው ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ነው። በ1 ደቂቃ ውስጥ ይሠራል፣ ብዙ ጊዜ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ይለቃል። ሆዱ ሙሉ ሆኖ በድንገተኛ ለመጣ ልጅ ፍጥነቱ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም መድኃኒቱን የሚሰባብረው ኢንዛይም በዘር የሚጎድላቸው ቤተሰቦች አሉ። እነሱ ላይ ደቂቃው ሰዓታት ይሆናል። ሌሎች ላይ ደግሞ ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ የሚባል፣ የሚገድል ትኩሳት ይቀሰቅሳል።

2. በተለይ ወንድ ልጅ ከሆነ አካሄዱን አስተውሉ። ዘግይቶ ነው የሄደው? ቶሎ ቶሎ ይወድቃል? ከመሬት ሲነሳ እጁን ጭኑ ላይ እየተደገፈ ነው? ባቱስ ከሌላው ሰውነቱ ወፍሯል? ገና ያልታወቀ የጡንቻ በሽታ ሊሆን ይችላል። በዚህ ልጅ ላይ ሳክሳሜቶኒየም የደም ፖታሲየምን በድንገት አንሮ ልብ ሊያስቆም ይችላል። በቀጠሮ በሚሠራ የሕፃናት ኦፕራሲዮን እንደ ልማድ የማንሰጠው ለዚህ ነው።

3. የሚወስደውን መድኃኒት ከነካርቶኑ አምጡ፣ ያለበትንም በሽታ ተናገሩ። ምክንያቱም ሌሎቹ ጡንቻ የሚያላሉ መድኃኒቶች ይለያያሉ። ቬኩሮኒየም የሚባለው ለመሥራት ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይቆያል። የልብ ምትን እምብዛም አይነካም። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ላይ ግን ይቆያል። ዱቄት ሆኖ ስለሚመጣ እስኪበጠበጥ ፍሪጅ አይፈልግም፤ መብራት ሲጠፋ ይህን ጥቅሙን አልረሳም። አትራኩሪየም ደም ውስጥ ራሱ ይፈርሳል፣ ኩላሊትና ጉበት አይጠብቅም። ኩላሊቱ ለታመመ ልጅ ደስ የሚለኝ እሱ ነው። ነገር ግን ቆዳ ሊያቀላ፣ አስም ያለበትንም ሊያስነሳበት ይችላል። ሮኩሮኒየም መጠኑ ከፍ ሲል በ1 ደቂቃ አካባቢ ይሠራል። ሱጋማዴክስ የሚባለው ማስለቀቂያ መድኃኒት ካለ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ማስለቀቅ ይቻላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነውን ፌኒቶይን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ልጅ ላይ ቬኩሮኒየምና ሮኩሮኒየም ቶሎ ይለቃሉ። ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ደግሞ በተቃራኒው ያቆያቸዋል።

4. በትክክል ይመዘን። መጠኑ በኪሎ ነው የሚሰላው። የደሴ ብርድ ይታወቃል፤ ልጁ በጃኬትና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይመጣል። ሚዛን ላይ ሲወጣ አውልቁለት።

5. የጾም ሰዓቱን አክብሩ። የተለመደው ለምግብና ለላም ወተት 6 ሰዓት፣ ለጡት 4፣ ለውሃ 2 ነው፤ ሆስፒታላችሁ የነገራችሁ ከተለየ እሱን ያዙ። ከኮምቦልቻ ሌሊት ተነስቶ በሐረጎ ዳገት የመጣ ልጅ ያለቅሳል። አያት አንጀቷ አይችልም፣ አጥሚት ታቀምሰዋለች። ቀምሶ ከሆነ ንገሩን። አብሽሩ፣ የሚቆጣ የለም፤ ቀጠሮ ይገፋል እንጂ። የተደበቀው አጥሚት ነው ሳንባ ውስጥ የሚገባው።

6. ሲወጣ አጠገቡ ሁኑ። ከቬኩሮኒየም ወይም ከአትራኩሪየም በኋላ የቀረውን ለማስለቀቅ ኒኦስቲግሚን ከአትሮፒን ጋር እንሰጣለን። በደንብ የለቀቀው ልጅ ጮክ ብሎ ያለቅሳል፣ እግሩን ያነሳል። ድምፁ ከሰለለ፣ አንገቱ ከላላ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ወዲያው ነርሷን ጥሩ። ጡትም ከመስጠታችሁ በፊት እሷን ጠይቁ።